ለገና ላሊበላ በእግር፦ በኩልመስክ ይሻላል ወይስ በጋሸና?

ወለተ ማርያም ዘደሴ፦

ሰላም ለናንተ ይሁን። እናቴ የላሊበላ ስለት አለባት፤ ዘንድሮ ለገና በእግሯ ልትገባ ቆርጣለች። ዕድሜዋ 58 ነው። ጤነኛ ናት፣ የደም ግፊት ኪኒን ግን በየቀኑ ትወስዳለች። እኔና ታናሽ ወንድሜ አብረናት ነን፤ የምንነሣው ከደሴ ነው። አንዳንዱ በኩልመስክ ሂዱ ይለናል፣ አንዳንዱ በጋሸና። የትኛው ይሻላል? ስንት ቀን ይፈጃል? በየትኛው ቀን እንነሣ? ጾም ስለሆነ ስንቁስ ምን ይሁን? እግሯ ላይ ምን ታድርግ? «እመቤቴ ትርዳችሁ» ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉኝ፤ እሱንም በሉ፣ ግን ዝርዝሩን ጨምሩልኝ።

የየጁ ልጅ፦

እመቤቴ ትርዳችሁ። አሁን ወደ ዝርዝሩ።

መጀመሪያ የስለቱን ቃል ጠይቂያቸው። «በእግሬ እገባለሁ» ነው ያሉት ወይስ «ከወልድያ ተነሥቼ በእግሬ»? የመንገዱ ምርጫ ያለው እዚህ ላይ ነው። «ከወልድያ» ብለው ከሆነ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፤ እሱ እኛ እዚህ የምንፈታው ነገር አይደለም።

ከወልድያ የድልብን ዳገት ወጥቶ በኩልመስክና በገነተ ማርያም ላሊበላ የሚገባው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጋሸና የሚዞረው የመኪና መንገድ 170ን ያልፋል፤ ከዚያ ውስጥ ከጋሸና ላሊበላ ያለው 64 ነው። ስለዚህ ከወልድያ ጀምሮ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ኩልመስክ ነው መንገዱ። ለምዶት የሚሄድ በ4 ቀን ይገባል፣ ቤተሰብ የያዘ ግን 5 ወይም 6 ቀን ይያዝ። ክፋቱ ከባዱ ዳገት በመጀመሪያው ቀን መምጣቱ ነው። ወልድያ 2000 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ድልብን ይዘሽ ስትወጪ 3000ን ታልፊያለሽ፣ እግር ገና ሳይፈታ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ተነሥቶ መቆም የሚያቅተው ሰው ብዙ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚመለሰውም እዚያው ድልብ ላይ ነው።

ለእናትሽ የምመክረው እስከ ጋሸና በመኪና፣ ከዚያ 64ቱን ኪሎ ሜትር በ3 ቀን። አከፋፈሉ 22፣ 22፣ 20 ይሁን። ታኅሣሥ 24 ከደሴ በሌሊት ተነሡ። ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያ መኪና ቀይራችሁ ጋሸና እደሩ። 25 ጠዋት እግር ይጀመራል፣ 27 ማታ ላሊበላ ትገባላችሁ። 28 ዋዜማው ስለሆነ እግር ያርፋል። 28 ቀን እገባለሁ ብሎ ያሰበ ማደሪያም አያገኝ፣ ቅዳሴም ቆሞ አያስቀድስ።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ዳገቱን ነው። ዳገት ያደክማል፤ ቆም ብለሽ ትንፋሽ ስትሰበስቢ ግን ያልፋል። ጉልበት የሚጨርሰው ቁልቁለት ነው። ጋሸና ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ ደጋ ላይ ናት፤ አምባው ሲያልቅ መንገዱ ወደ ተከዜ ሸለቆ ይወርዳል፣ በሹምሽሃ አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ከ2000 ሜትር ብዙም አይርቅም። ከዚያ ደግሞ ወደ ላሊበላ፣ ወደ 2500 መውጣት አለ። እማማ ቁልቁለቱን በአጭር እርምጃ፣ ጉልበታቸውን ትንሽ አጠፍ አድርገው ይውረዱ። ዘንግ የግድ ነው፤ በተለይ ሲወርዱ ከፊታቸው እየተከሉ። የእግር ጥፍር ከሳምንት በፊት ይቆረጥ። ጥፍሩ ረዝሞ ቁልቁለት የወረደ ሰው ጣቱ ከጫማው ጫፍ ጋር ሲጋጭ ይውልና ማታ አውራ ጣቱ ጠቁሮ ያገኘዋል።

ሁለተኛውን ሌሊት ሹምሽሃ አካባቢ ካደራችሁ፣ 27 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሡ። ሸለቆው ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ይሞቃል፤ ዳገቱን በጥላ መጨረስ ነው ዋናው።

አንድ ነገር ሳልረሳ፦ የመንገዱን ሰላም ወልድያ መናኸሪያ ስትደርሱ ከሾፌሮች ጠይቁ። ዛሬ ተከፍቶ ነገ ሊዘጋ ይችላል።

ዲያቆን ዘላስታ፦

የየጁ ልጅ ስለ ቀኑ የነገረሽ ልክ ነው፤ መንገዱን ግን ለጋሸናው አድልቷል። የኩልመስኩ አፈር ነው፣ ለእግር ይለሰልሳል፤ በየቀበሌው የሚያሳድር ቤት አለ፤ ገነተ ማርያምንም ተሳልማችሁ ታልፋላችሁ። ከአንድ ዐለት የተፈለፈለች ናት፣ የይኩኖ አምላክ ሥዕል ግድግዳዋ ላይ አለ። የጋሸናውን ከመረጣችሁ፣ አስፋልት ባለበት አስፋልቱ ላይ ሳይሆን ከዳር ያለው አፈር ላይ ሂዱ። ቀኑን ሙሉ አስፋልት የረገጠ እግር ቅልጥሙ ፊት ለፊት ያብጣል፣ ቀትር ላይ ደግሞ የውስጥ እግር ያቃጥላል። በግራ በኩል፣ መኪናው ፊት ለፊት እየታያችሁ ሂዱ። ከ25 ጀምሮ አውቶቡሱ አንዱ ከአንዱ ተያይዞ ነው የሚመጣው፤ ከኋላ የሚመጣን ጥሩንባ አምኖ መሄድ ልክ አይደለም። ሲመሽ ነጠላው ከላይ ይሁን፣ ነጭ ከሩቅ ይታያል።

ላሊበላ ሊገባ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ዋሻ ውስጥ። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጠበል በድንጋይ ገበታ ይጠራቀማል። እናት እዚያ ይረፉ፣ ጠበሉንም ይጠጡ። ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት በሥጋም በነፍስም ቀላል ነው።

ስለ መባ ማንም አላነሣም። ጧፍ፣ ዘቢብ፣ ዕጣን ይዘው ይምጡ፤ መንገድ ዳር ላሉ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ነው የምለው፣ ለላሊበላ ብቻ አይደለም። ዘቢቡ ለቅዳሴ ወይን ስለሚሆን የገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን ሙሉ ይቸገርበታል፤ ሩብ ኪሎ እንኳ ብዙ ቅዳሴ ያስቀድሳል። የታሸገ ዘቢብ ከሆነ ዘይት ያልተቀባውን ምረጡ፣ ዘይት የነካው ለመሥዋዕት አይሆንም። ጧፉን ደግሞ ከወፍራም ካርቶን ጋር ጠቅልላችሁ ከሻንጣው ጀርባ በኩል አቁሙት። እንዲሁ የተጣለ ጧፍ ሸለቆው ሙቀት ላይ ይለሰልስና ማታ እንደ ቀለበት ተጠምዝዞ ይወጣል።

ማደሪያን በተመለከተ፦ የመሸበት ሰው ከግቢው ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን» ይላል። አጥሩን አልፎ አይገባም፤ ውሻ አለ። ውሻው ከመጣ አትሩጡ፣ ዘንጉን መሬት ላይ አስደግፋችሁ ቁሙ፣ ባለቤቱ ይጠራዋል። ባዶ እጅ መግባት ግን ጥሩ አይደለም። ግማሽ ኪሎ ቡና፣ ትንሽ ስኳር፣ ሁለት ሳሙና ለአንድ ሌሊት ይበቃል። ብር ቢሰጡ ይቆጣሉ፤ ቡና ግን ማንም አይመልስም።

ታኅሣሥ የውቂያ ወር ስለሆነ በአውድማ ላይ አቋርጣችሁ አትለፉ፣ ዙሩ። «እግዜር ያበርታችሁ» ማለት አይረሳ።

ነርሷ፦

ስለ እግርና ስለ መድኃኒት ልጨምር።

እናትሽ የሚወስዱት ኪኒን ምን እንደሆነ ስሙን ተመልከቺ። ውሃ የሚያሸናው ዓይነት ከሆነ (ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ፉሮሰማይድ የሚባሉት) ጾሞ በፀሐይ መሄድ ላይ ሲጨመር ሰውነት ውሃና ጨው ያጣል፤ ከተቀመጡበት ሲነሡ ዐይናቸው ይጨልማል፣ ይወድቃሉ። በራሳችሁ ግን አታቁሙት። ከመነሣታችሁ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ሐኪም ዘንድ ሄደው ግፊታቸውን ይለኩ፣ «ይህን ያህል ቀን በእግሬ ልሄድ ነው፣ ጾመኛ ነኝ» ብለው በግልጽ ይንገሩት። የጾሙን ሰዓት ደግሞ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይመካከሩ። ኪኒኑን ለ3 ቀን ሳይሆን ለ10 ቀን የሚበቃ ይያዙ፣ እሱም ሌላ ሰው በሚሸከመው ሻንጣ ሳይሆን በራሳቸው አንገት ላይ ይሁን።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር። ከምንጭ የተቀዳ ከሆነ ማከሚያ ኪኒን ጨምሩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ልብ በይ፣ ኪኒኖቹ መጠናቸው ይለያያል፦ አንዱ ለ1 ሊትር፣ ሌላው ለ20 ሊትር ጀሪካን የተሠራ ነው። ብዙ ሰው የጀሪካኑን ኪኒን ኮዳ ውስጥ ይጥልና ሽታውን ጠልቶ ሁሉንም ይደፋል፣ ከዚያ ያልታከመ ውሃ ይጠጣል። ማሸጊያውን አንብቢ። ውሃው ደፍርሶ ከሆነ መጀመሪያ በንጹሕ ነጠላ ይጣራ፣ ጭቃ ያለበት ውሃ መድኃኒቱን ይበላዋል። ማፍላት ከቻላችሁ፣ በዚያ ከፍታ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ።

ኦ አር ኤስ አራት ፓኬት ያዙ። አንዱ ፓኬት ለ1 ሊትር ነው፤ በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ተቅማጡን ያባብሰዋል። የተበጠበጠው በ24 ሰዓት ካልተጠጣ ይደፋ። ለእናትሽ ግን ይህ ለተቅማጥና ለትውከት ብቻ ነው፤ ጨው ስላለበት እንደ ለስላሳ አይጠጣም። ተቅማጡ እንደ ሩዝ ውሃ ነጭ ከሆነ መንገድ የለም፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ።

ጠላም ውሃ አይተካም። መንገድ ዳር የሚሸጡ እናቶች አሉ፣ ይቀዘቅዛል፣ ይጣፍጣል፤ በባዶ ሆድ ቀትር ላይ ግን እግር ያስራል።

ወደ እግር ስንመጣ። ውሃ የሚቋጥረው እርጥብ ቆዳ ሲፈተግ ነው። ስለዚህ የምትታገይው ከእርጥበቱ ጋር ነው። ጠዋት ተረከዝና በጣቶች መካከል ቫዝሊን በስሱ ይቀባ፤ ካልሲ ሁለት ጥንድ ተይዞ ቀትር ላይ ይቀየር፣ የወለቀው ሻንጣ ላይ ተንጠልጥሎ ይደርቃል። አንድ ቦታ ማቃጠል ከጀመረ ያን ጊዜውኑ ቁሙ፣ ፕላስተር ለጥፉ። «እዚያ ዛፍ ጋ ስንደርስ» ያለ ሰው ዛፉ ጋ ሲደርስ ተልጧል።

ውሃ ከቋጠረ በኋላ፣ ትንሽ ከሆነና ካላመመ አይነካ። ትልቅ ከሆነ መርፌውን እሳት ላይ እስኪቀላ አሳዪና እስኪበርድ ጠብቂ፤ እጅና ቆዳውን በሳሙና ታጥበሽ፣ ከታች በኩል ጠርዙ ላይ ሁለት ቦታ ውጊ። በንጹሕ ጨርቅ ቀስ ብለሽ ጨምቀሽ አውጪ፣ ቆዳውን ግን እንዳትልጪው፤ ከሱ የተሻለ ፋሻ የለም። ብዙ ሰው በመርፌ ክር አሳልፎ ክሩን እዚያው ይተወዋል፣ «ውሃውን ይስብልኛል» ብሎ። ክሩ አቧራውን ወደ ውስጥ ይስባል፣ በማግስቱ መግል ይዞ ይገኛል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር። የላሊበላ ሰው እንግዳን እግር አጥቦ ነው የሚቀበለው፣ ያማረ ባህል ነው። የተላጠ እግር ካላቸው ግን ሳፋው ውስጥ አይንከሩት፤ ሌላ ሰው የታጠበበት ውሃ ነው። «ቁስል አለኝ፣ ከላይ አፍስሱልኝ» ይበሉ፣ ማንም አይቀየምም።

ቅማልም አለ፤ አናፍርም። ሕዝብ ተጠጋግቶ በሚያድርበት የግርሻ ትኩሳት የሚያስተላልፈው እሱ ነው። ጋቢ አትዋዋሱ፤ ስትመለሱ ልብሱ ሁሉ በፈላ ውሃ ይታጠብ። ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ድንገተኛ ትኩሳት ከመጣ ለሐኪሙ «ከላሊበላ ነው የመጣሁት፣ ከሰው ጋር ተጠጋግቼ አድሬያለሁ» በሉት፤ ካልነገራችሁት ወባ ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ወለተ ማርያም ዘደሴ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እናቴን ጠየቅኳት፣ «በእግሬ እገባለሁ» እንጂ ከየት እንደሆነ አላለችም፤ ንስሐ አባቷም ጋሸናውን ፈቅደዋል። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ስንቁ ስንት ይሁን? ጫማውስ? ወንድሜ አዲስ ስኒከር ልግዛላት ይላል፣ እሷ ኮንጎ ጫማዬ ይበቃኛል ትላለች።

ኮምቦልቻ 11፦

አብሽሪ፣ ስንቁ በሶ ነው። ገብሱ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተሸክሽኮ፣ እኩል ተቆልቶ ይፈጫል። አንዱ ፍሬ ጠቁሮ ሌላው ነጭ ከቀረ በሶው ይመርራል፣ ጥሬው ደግሞ ሆድ ይነፋል። ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ 120 ግራም፣ ማለትም አንድ ሙሉ የሻይ ብርጭቆ ያህል በቂ ነው። በቀን ሁለቴ ለ4 ቀን ስታሰቢው ለአንድ ሰው 1 ኪሎ፣ ለሦስታችሁ 3 ኪሎ። ከዚያ በላይ መሸከም ሞኝነት ነው፤ በየቤቱ ሽሮና ጎመን ታገኛላችሁ። ጠቅላላው ጭነት ከእናት ላይ 3፣ ከእናንተ ላይ 8 ኪሎ አይለፍ።

ጭብጦ ካደረግሽው ውሃውን በአንዴ አትጨምሪ። ዱቄቱን ጨውና በርበሬ ነስንሰሽበት፣ ውሃውን በእፍኝ እየረጨሽ እሺው፤ ስትጨብጪው የጣትሽ አሻራ ሳይፈርስ ከቀረ ደርሷል። ትንሽ ዘይት ጨምሪበት፣ አለዚያ ቀትር ላይ ተሰነጣጥቆ አሸዋ ይሆናል። በአንድ ቀን የሚበላውን ብቻ ጨብጪ፤ ያደረው ይኮመጥጣል። ዳቦ ቆሎ ለወንድምሽ ይሁን፣ ለእናት ጥርስ ይከብዳል።

በጫማው ከእናትሽ ጋር ነኝ፣ ግን በግማሽ ብቻ። አዲስ ስኒከር አይሆንም። ከአሁን ጀምረው በየቀኑ አንድ ሰዓት ካላላመዱት ተረከዛቸውን ይልጠዋል። ኮንጎው እግር ያናፍሳል፣ ማታም ይታጠባል፤ ቁልቁለት ላይ ግን እግር ወደ ፊት ይንሸራተትበታል፣ ፕላስቲኩም አስፋልት ላይ ይሞቃል። የለመዱት አሮጌ ስኒከር ካላቸው እሱን አድርገው ኮንጎውን ለማታና ለተከዜ ሸለቆ ይያዙት። ቁልቁለት ላይ ማሰሪያው ከቁርጭምጭሚቱ በኩል ይጥበቅ፣ ከጣቶቹ በኩል ይላላ።

የየጁ ልጅ፦

ጋሸና ለምታድሩበት ሌሊት፦ ውርጭ ይጥላል። ሰው ጋቢ ደራርቦ ይለብስና ከሥር ግን ባዶ ሳር ላይ ይተኛል። ብርዱ የሚገባው ከመሬት ነው። አንድ ሸራ ወይም ሁለት የማዳበሪያ ከረጢት ቀድዳችሁ አንጥፉ፣ ከዚያ አንዱን ጋቢ ከሥር አድርጉት። ገንዘቡም በእጅ ይሁን፣ ዝርዝር፤ ኔትወርክ በሌለበት ቴሌብር አይሠራም።

ዲያቆን ዘላስታ፦

ስለ ቀኑ አንድ ማሳሰቢያ፣ ይህን ጽሑፍ በሌላ ዓመት ለሚያነብ። ልደት በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ነው የሚውለው፤ ከሱ በፊት ባለው በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን። በቀሩት ዓመታት 29 ነው። ስለዚህ በዮሐንስ ከላይ የተቆጠሩት ቀናት ሁሉ በአንድ ቀን ይቅደሙ፣ ከደሴ መነሻው 23 ይሁን። 29 የቅዱስ ላሊበላም ልደት ስለሆነ በዚያ ዓመት ሁለቱም ቀን ይከበራል፤ ቸኩላችሁ አትመለሱ።

ሌሊቱን በቅዳሴ ካደራችሁ በኋላ ጠዋት በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ» ይባላል፤ ካህናቱ ግማሹ ማሜ ጋራ በሚባለው ዐለት ላይ፣ ግማሹ ከታች ከግቢው ሆነው እየተቀባበሉ። ከላይ ለማየት የሚፈልግ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ቦታ ይይዛል። ግን እናትን ጠርዝ ላይ አታቁሟቸው። ግቢው ዐለቱ ተቆርጦ የወረደ ነው፣ ሕዝቡ ሲያሸበሽብ ከኋላ ይገፋል፣ የሚይዝ ነገር የለም። ከጠርዙ ሦስት አራት ሰው ወደ ኋላ ቢሆኑ ድምፁ እንደሆነ አይቀርባቸውም።

ጫማ በር ላይ ጥላችሁ አትግቡ። በዚያ ሕዝብ መካከል የሚሰርቅ ባይኖር እንኳ የሚያሳስት አለ፣ ሁሉም ኮንጎ ጥቁር ነው። ፌስታል ያዙና ጫማችሁን በብብታችሁ ይዛችሁ ግቡ። ለእናትም ወፍራም ካልሲ ይኑር፤ የዐለቱ ወለል በሌሊት እንደ በረዶ ነው፣ የተላጠ እግር ደግሞ አይችለውም።